ሶቅራጥስ ለምን አላመለጠም?

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» የሚለውን ቃል በዋዛ አያዩትም ነበር። ቃሉ የተጠራበት ሰው ጉልበት ቢኖረውም ባለበት መቆም ነበረበት። ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸው ተቋጥሮ ያለ ዘብ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዛሬ እኔ በምኖርበት ጎፋ፣ ማዞሪያው ላይ የትራፊክ ፖሊሱ ዘወር ሲል ሕጉም አብሮት ዘወር የሚል ይመስላል። ለመሆኑ ሕግን የምናከብረው ቅጣት ፈርተን ብቻ ነው ወይስ የኅሊና ግዴታ አለብን?

ጥያቄው የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴና ውስጥ የ70 ዓመቱ ሶቅራጥስ «የከተማዋን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችን ያበላሻል» ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ሶቅራጥስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ» ውስጥ ስሙ ይጠራል።

ፕላቶ እንደጻፈው፣ ወዳጁ ክሪቶን ወህኒ ቤት ድረስ ሄዶ «ገንዘቡም ሰዉም ተዘጋጅቷል፣ እናምልጥ» ቢለው ሶቅራጥስ እምቢ አለ። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የአገሩ ሕግ እንደ ወላጅ ያሳደገውና ያስተማረው ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉን ያልወደደ ንብረቱን ይዞ ከአቴና መውጣት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያው መኖሩ ውል እንደ መግባት ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የተሰጠን ፍርድ እያንዳንዱ ሰው እንዳሻው ከሻረው አገር አይጸናም።

ነገሩን እዚህ ላይ ብንተወው ግን ሶቅራጥስን የባለሥልጣን ሁሉ ታዛዥ እናደርገዋለን። በ404 ዓመት ሥልጣን የያዙት «ሠላሳዎቹ» እሱንና ሌሎች አራት ሰዎችን ጠርተው ሌዎን የተባለውን ሰው ለግድያ ይዘው እንዲያመጡ አዘዟቸው። አራቱ ሄዱ፤ ሶቅራጥስ ወደ ቤቱ ገባ። በችሎቱም ፊት ፍልስፍናውን እንዲተው ቢታዘዝ እንደማይተው ተናግሯል።

ይህ እርስ በርሱ ይጋጫል የሚሉ ምሁራን አሉ። እንደ ሕግ ተማሪነቴ ለእኔ አይጋጭም። በደል መፈጸምና በደል መቀበል ይለያያሉና። በሰው ላይ በደል እንዲፈጽም ሲታዘዝ እምቢ አለ፤ በራሱ ላይ የመጣውን ግን ተቀበለ። ደግሞም በክሪቶን ውስጥ ሕጉ ለዜጋው ሁለት ምርጫ ይሰጣል፦ ስህተቴን አስረዳኝና አሳምነኝ፣ ካልሆነም ታዘዘኝ።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የመታዘዝ ግዴታ የማሳመን ዕድል ይፈልጋል። ሐሳቡን የሚናገርበት መድረክ የተዘጋበት፣ አቤቱታውን የሚሰማው ያጣ ዜጋ በፍርሃት ይታዘዝ ይሆናል እንጂ ውል ገብቷል ለማለት ይከብዳል። ግዴታው ደግሞ የሁሉም መሆን አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9(2) ሕገ መንግሥቱን የማክበር ኃላፊነት የጣለው በዜጎች ላይ ብቻ አይደለም፤ በመንግሥት አካላትና በባለሥልጣኖቻቸው ላይም ነው።

«በሕግ አምላክ» ኃይል የነበረው ደካማው ብርቱውን ሊያስቆምበት ስለሚችል ነው። ቃሉ ብርቱውን ማስቆም ካቃተው፣ ደካማውን ብቻ «ሕግ አክብር» ብሎ መምከር ምን ያህል ያስኬዳል?