የሰማያዊ አበቦች ቀለም ምንጭና ከዘጠና ዓመታት በላይ የወሰደው ምርመራ

በቀይ ጽጌረዳና ኮርንፍላወር በተሰኘው የአውሮፓ ሰማያዊ የማሳ አበባ ውስጥ የሚገኘው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ከታወቀ ከመቶ ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ይኸው ንጥረ ነገር በአንደኛው አበባ ቀይ፣ በሌላኛው ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበት ምክንያት በተሟላ ሁኔታ የተገለጸው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው የመሣሪያ እጥረት ብቻ አልነበረም። ቀለሙን ከአበባው ለይቶ ለማውጣት ሲሠራበት የቆየው ዘዴ ራሱ፣ ሊጠና የተፈለገውን ነገር ያፈርስ ስለነበር ጭምር ነው።

አብዛኞቹን ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ አበቦች የሚያቀልሙት አንቶሲያኒን በሚል የወል ስም የሚጠሩ ውህዶች ናቸው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1835 የሰጡት ጀርመናዊው ሉድቪግ ክላሞር ማርካርት ሲሆኑ፣ አበባና ሰማያዊ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው። የእነዚህ ውህዶች አጽም 15 የካርቦን አቶሞችን የያዘና ሦስት ቀለበቶች ያሉት ነው። ከቀለበቶቹ በአንደኛው ላይ የሚገኙት ሃይድሮክሲል የሚባሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቅንጣቶች አንድ ሲሆኑ ፔላርጎኒዲን፣ ሁለት ሲሆኑ ሲያኒዲን፣ ሦስት ሲሆኑ ደግሞ ደልፊኒዲን ይባላል። ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ቀለሙ ከብርቱካናማ ቀይ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን ሰማያዊ አበባን አያስገኝም።

ጀርመናዊው ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽቴተር ከአርተር ኤቨረስት ጋር በመሆን የኮርንፍላወርን ቀለም እ.ኤ.አ. በ1913 ለይተው አውጥተዋል። በሥራው የተጠቀሙበት ዋነኛ መሣሪያ አሲድ ነበር። የአበባው ቀለም በአሲድ አማካይነት ወደ ጨውነት ተለውጦ ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታል የሆነን ነገር ደግሞ ማጽዳት፣ መመዘንና መተንተን ይቻላል። የተገኘው ሲያኒን የተባለው የሲያኒዲን ውህድ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ይኸው ውህድ በቀይ ጽጌረዳ ውስጥም ተገኘ። ቪልሽቴተር በዕፅዋት ቀለሞች፣ በተለይም በክሎሮፊል ላይ ባካሄዱት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1915 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ቪልሽቴተር ልዩነቱን ያብራሩት በአበባው የሕዋስ ፈሳሽ ጠባይ ነበር። ፈሳሹ አሲድ ሲሆን አበባው ይቀላል፣ አልካላይ ሲሆን ሰማያዊ ይሆናል የሚል ነው። ማብራሪያው ለማመን የቀለለ ነው፤ የቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ሎሚ ሲጨመርበት እንደሚቀላና የመጋገሪያ ሶዳ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ ማንም በማዕድ ቤቱ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ችግሩ የአበቦች የሕዋስ ፈሳሽ በአብዛኛው አልካላይ ሳይሆን ደካማ አሲድ መሆኑ ነው። የኮርንፍላወርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ንጹሕ ሲያኒን ደካማ አሲድ በሆነ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቀለሙን ጨርሶ ወደ ማጣት ይደርሳል። ጃፓናውያኑ ወንድማማቾች ኬይታና ዩጂ ሺባታ እ.ኤ.አ. በ1919 ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ሰማያዊው ቀለም የሚገኘው አንቶሲያኒን እንደ ማግኒዚየም ካለ ብረት ጋር ሲጣመር ነው አሉ። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ሮበርትና ገርትሩድ ሮቢንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 የራሳቸው ደማቅ ቀለም የሌላቸው አጃቢ ውህዶች የአንቶሲያኒንን ቀለም እንደሚለውጡ ገለጹ። ሦስቱ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ሳይግባቡ ቆይተዋል። አሲድ በብረቱና በቀለሙ መካከል ያለውን ትስስር ስለሚበጥስና አጃቢውንም ስለሚለያይ፣ በአሲድ የወጣ ክሪስታል ለአንደኛቸውም ዳኛ ሊሆን አልቻለም።

መፍትሔው የመጣው አሲድን ከመተው ነው። ኮዞ ሃያሺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1958 ከኮሜሊና አበባ ቀለሙን ሰማያዊነቱን ሳያጣ በክሪስታል መልክ ለማግኘት በቅተው ኮሜሊኒን ብለው ሰየሙት፤ ማግኒዚየምም በውስጡ ተገኘ። ኮሜሊና በአገራችን ገበሬው የውሃ አንቁር እያለ ከእርሻው የሚነቅለው ሰማያዊ አበባ ያለው አረም የቅርብ ዘመድ ነው። በጃፓን የአበባው ጭማቂ በጨርቅ ላይ ንድፍ ለማውጣት ያገለግላል፤ በውሃ ሲታጠብ ስለሚለቅ ለጊዜያዊ መስመር ተስማሚ ነው።

የኮሜሊኒን አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1992 በታዳኦ ኮንዶ፣ በኩሚ ዮሺዳና በባልደረቦቻቸው ይፋ ሆነ። ስድስት የአንቶሲያኒንና ስድስት ፍላቮን የተባለ አጃቢ ሞለኪውሎች በሁለት የማግኒዚየም አዮኖች ዙሪያ በሥርዓት ተደርድረው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሌሎች የጃፓን ተመራማሪዎች የኮርንፍላወሩን ቀለም በኤክስሬይ መርምረው ተመሳሳይ አደረጃጀት አገኙ። እዚህም ስድስት አንቶሲያኒንና ስድስት ፍላቮን ያሉ ሲሆን፣ የሚያስተሳስሯቸው አንድ የብረት፣ አንድ የማግኒዚየምና ሁለት የካልሲየም አዮኖች ናቸው። ሺባታዎችም ሮቢንሰኖችም ከእውነቱ ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው።

ቪልሽቴተርም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተሸነፉም። ሞርኒንግ ግሎሪ በተባለው ሐረግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት፣ ሐምራዊ ቀይ የሆነው እምቡጥ ፈክቶ ሰማያዊ ሲሆን የሕዋስ ፈሳሹ ፒኤች ከ6.6 ወደ 7.7 ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በሃይድራንጂያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ተክሉ በአሲዳማ አፈር ላይ ሲበቅል ሰማያዊ፣ በአልካላይ አፈር ላይ ሲበቅል ሮዝ አበባ ይሰጣል፤ ምክንያቱም አሲዳማ አፈር አሉሚኒየምን አሟሙቶ ለሥሩ ስለሚያቀርብ ነው።

ጉዳዩ የአበባ ንግድንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ ለውጭ ገበያ ከምታቀርባቸው አበቦች ትልቁን ድርሻ የያዘው ጽጌረዳ በተፈጥሮው ደልፊኒዲን የማምረት ችሎታ የለውም። በገበያ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ጽጌረዳ ቀለም የተቀባ ወይም ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ እንዲጠጣ የተደረገ ነጭ አበባ ነው። የጃፓኑ ሰንቶሪና የአውስትራሊያው ፍሎሪጂን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በጀመሩት ትብብር የሌላ አበባን ዘረመል ወደ ጽጌረዳ አስገብተው ደልፊኒዲን እንዲያመርት አድርገዋል፤ አበባውም እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ለሽያጭ ቀርቧል። ይሁንና ቀለሙ ከሰማያዊ ይልቅ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ የጽጌረዳ የሕዋስ ፈሳሽ አሲድነት ያለው ሲሆን፣ ቀለሙን የሚደግፉ ብረቶችና አጃቢዎችም እንደ ኮርንፍላወሩ አልተሟሉለትም።

የተሻለ ውጤት የተገኘው በክሪሳንተመም ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት ሁለት ዘረመሎችን ብቻ በማስገባት ሰማያዊ አበባ አግኝተዋል። የመጀመሪያው ደልፊኒዲን እንዲመረት ያስቻለ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀለሙ ላይ ስኳር እንዲጨመር አድርጓል። በዚህ መልክ የተለወጠው ቀለም ቀድሞውንም በአበባው ውስጥ ከነበሩት አጃቢ ውህዶች ጋር በመጣመሩ፣ የብረት አዮን ሳያስፈልገው ሰማያዊ ሆኗል።