ስለ ፎርም፣ ስለ ሠንጠረዥና ስለ ግራፍ አመራረጥ

ከጢቾ ደጋ ወደ አሰላ፣ ከዚያም ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የሚላከው የእህል ወሬ በሦስት ዓይነት ወረቀት ይቀርባል፤ ይኸውም በፎርም፣ በሠንጠረዥና በግራፍ ነው። ሦስቱ አንድ ሥራ የሚሠሩ የሚመስላቸው ሹማምንት ጥቂቶች አይደሉም፤ ነገር ግን የአንዱ ስፍራ ለሌላው ሲሰጥ ጉዳቱ በገበሬው ማሳ ላይ ይወድቃል።

የስንዴ ዋግ ነገር ይህን ያስረዳል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳ የተባለውን ዘር እጅግ ጎዳው። ከዚህ በኋላ የአርሲና የባሌ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን የሚችለውን ዲገሉን በብዛት ዘሩ። በ2006 ዓ.ም. ግን የግንድ ዋግ መጣና በዚሁ በዲገሉ ላይ በረታ። ጠቅላላውን የስንዴ ምርት በአንድ መሥመር የሚያሳይ ግራፍ የተመለከተ ሰው፣ መሥመሩ ከፍና ዝቅ ማለቱን ያያል እንጂ ማሳው በአንድ ዘር መያዙን ሊያውቅ አይችልም። ይህ የሚታወቀው የዘሩ ስም ለብቻው ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዡም ቢሆን ፎርሙ ያልጠየቀውን ሊመልስ አይችልም። በቀበሌ የሚሞላው ፎርም የዘሩን ስም፣ የማሳውን ከፍታና ዋጉ መጀመሪያ የታየበትን ቀን ለይቶ መጠየቅ አለበት። ከሁሉ ይልቅ «ተመርምሮ አልተገኘም» እና «አልተመረመረም» የሚሉት የየራሳቸው ስፍራ ይኑራቸው። መርማሪው ዝናም ከልክሎት ያልደረሰበትን ቀበሌ ባዶ ቢተወው፣ ደማሪው ባዶውን ዜሮ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ዜሮውም አሰላ ሲደርስ ጤና ይመስላል፤ መድኃኒቱም ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ዋግ በነፋስ የሚዛመት ነውና ፎርሙ እስኪታረም ድረስ አይቈይም።

በአማካይ ቍጥርም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል በአምስት ቀበሌዎች የታመመው ማሳ ከመቶ እጅ 2፣ 2፣ 3፣ 3 እና 60 ቢሆን አማካዩ 14 ነው። ከመቶ 14 እጅ የታመመበት ቀበሌ ግን ከአምስቱ አንድም የለም። ሠንጠረዡ አምስቱንም ለየብቻ ያሳይ፤ አማካዩ ከግርጌ ቢጻፍ ይበቃዋል።

ግራፍ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1786 ዊሊያም ፕሌይፌር የእንግሊዝን ንግድ በመሥመር ሥሎ ካሳተመ ወዲህ፣ የብዙ ዓመት ለውጥ በአንድ ጊዜ የሚታይበት መንገድ ሆኖአል። ዋጉ ከሳምንት ወደ ሳምንት እንዴት እንደ ተስፋፋ በጉባኤ ለማስረዳት ከግራፍ የሚሻል የለም። በቋሚ ዘንጎች ሲሣል ግን ከዜሮ ይጀምር፤ ያለዚያ ትንሹ ልዩነት እንደ ትልቅ ይታያል።

መድኃኒት ለሚያድለው መሥሪያ ቤት ግራፍ አይላክ፤ ከመሥመር ላይ ሊትር ቈጥሮ የሚሰጥ የለምና። የቀበሌው ስም፣ የታመመው ማሳ በሄክታርና የሚፈለገው መድኃኒት በሊትር የተጻፈበት ሠንጠረዥ ይላክለት።