ከዘራ ከመግዛታችን በፊት፦ አረማመድን የመመርመር ጥቅም

በስትሮክ፣ በስብራት ወይም በነርቭ ጉዳት ምክንያት እንደ ልብ መራመድ የተሳናቸው ምእመናን በየአጥቢያው አሉ። እነርሱን ለመርዳት ስንነሣ ብዙ ጊዜ ቀድመን የምናስበው ከዘራ ወይም ክራንች ስለ መግዛት ነው። የአካል ማገገሚያ ሕክምና ግን ድጋፍ ከማዘዙ አስቀድሞ የታማሚውን አረማመድ ይመረምራል፤ የሚያነክሱ ሁሉ ምክንያታቸው አንድ አይደለምና።

ጤናማ ሰው ሲራመድ አንዱ ተረከዝ መሬት ከነካበት ጀምሮ ያው ተረከዝ ዳግመኛ እስኪነካ ያለው ጊዜ አንድ ዑደት ይባላል። በዚህ ጊዜ እግሩ 60 በመቶ ያህሉን መሬት ረግጦ፣ 40 በመቶ ያህሉን ከመሬት ተነሥቶ ያሳልፋል። በአንዱ እግር የመቆሚያው ጊዜ ካጠረ በዚያ እግር ሕመም መኖሩን ይጠቁማል። ዳሌ በተነሣው እግር በኩል ዝቅ ካለ የቆመው እግር የዳሌ ጡንቻ መድከሙን ያሳያል። የእግር ጣቶች መሬት የሚጠርጉ ከሆነ ደግሞ ስትሮክ ወይም የሥጋ ደዌ ያስከተለው የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ጊዜም ይለካል። ታማሚው ከወንበር ተነሥቶ፣ 3 ሜትር ተራምዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እስኪቀመጥ በሰዓት ይያዛል። አረጋዊ ሰው 12 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ሥጋት እንዳለበት ይታሰባል። ልኬቱ ከሳምንታት በኋላ ሲደገም ሕክምናው መጥቀም አለመጥቀሙን ይገልጣል።

ድጋፉ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ዳሌው የታመመ ሰው ከዘራውን በጤነኛው እግር በኩል ሊይዝ ይገባዋል፤ ብዙዎች ግን በታመመው በኩል ይይዙታል። ጣቶቹ መሬት ለሚጠርጉበት ሰው ደግሞ ከከዘራ ይልቅ ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል።

ምርመራው የባለሙያ ቢሆንም አስቀድሞ ማስተዋል የእኛ ድርሻ ነው። ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ አረጋገጣቸውን ለማየት ይቀላል። አረማመዱ በድንገት የተለወጠ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቀስ በቀስ የተለወጠበትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ የሥጋ ደዌ የነርቭ ጉዳት ቶሎ ከታከመ ሊሻሻል ይችላል፣ ከዘገየ ግን ጸንቶ ሊቀር ይችላልና። ጠበል የሚጠመቁትም ሕክምናቸውን እንዳያቋርጡ ካህናት ይምከሩ። ሰበካ ጉባኤያትም ለከዘራ ከሚመድቡት ገንዘብ አስቀድመው የታማሚውን የመጓጓዣ ወጪ ቢሸፍኑ ርዳታው ፍሬ ያፈራል።