ቦርጭ በሲት አፕ ለምን አይጠፋም?

ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው መቶ ሲት አፕ ይቆጥራሉ። ወር ሙሉ ቆጥረውም ቀበቶዎ ከነበረበት ቀዳዳ ፈቀቅ አላለም። ይህ የስንፍና ውጤት አይደለም። ሲት አፕ የሚያጠነክረው ጡንቻን ነው፤ ቦርጭ ደግሞ ስብ ነው።

ስቡ የሚጠራቀመው ከጡንቻው በላይ ከቆዳ ሥር፣ እንዲሁም ከጡንቻው በታች በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ነው። ሰውነታችን ጉልበት ሲያስፈልገው ስብ የሚያወጣው ከመላ አካላችን እንጂ ከሚንቀሳቀሰው ጡንቻ አጠገብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት 13 ወንዶች በ27 ቀናት ውስጥ እያንዳንዳቸው 5 ሺህ 4 ሲት አፕ ሠርተዋል። ከሆዳቸው፣ ከጀርባቸውና ከመቀመጫቸው የተወሰደው ናሙና ሲመረመር የሆዳቸው ስብ ከሌላው ተለይቶ አልቀነሰም። ቀደም ሲል በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾች ክንድ ተለክቶ ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንድ ጡንቻው ቢዳብርም፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ከሌላኛው ክንድ የተለየ አልነበረም።

ሆድን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥም ያው ነው። የሚወጣው ላብ ነው፤ ውሃ ሲጠጡ ኪሎው ይመለሳል።

ታዲያ የሆድ ጡንቻ ሥራው ምንድን ነው? ይህን ለማየት ከጂም ይልቅ ምሥራቅ ጎጃም የተሻለ ቦታ ነው። በቢቸና ዙሪያ በጤፍ አጨዳ ወቅት ገበሬው ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛም ሸክሙን ይዞ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ዳገቱን ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ሲት አፕ ሠርተው አያውቁ ይሆናል፤ የሆድ ጡንቻቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ጠልቆ የሚገኘው ወገብን ልክ እንደ መቀነት ዙሪያውን ይጠመጥማል። ዋና ተግባሩም አከርካሪን ማጠፍ ሳይሆን ከሸክም በታች እንዳይናጋ አጥብቆ መያዝ ነው።

ስለዚህ ጡንቻውን በተፈጠረበት ሥራ ማሠልጠን ይሻላል። በክንድዎና በእግር ጣትዎ ተደግፈው ሰውነትዎን እንደ ጣውላ ቀጥ ማድረግ (ፕላንክ የሚባለው) አንዱ ነው። በእጅና በጉልበት ቆመው ቀኝ እጅንና ግራ እግርን፣ ከዚያም በተቃራኒው መዘርጋት ሌላው ነው። አሥር አሥር ሰከንድ ይዞ ደጋግሞ መሥራት ለጀማሪ በቂ ነው፤ ትንፋሽዎን ግን አይያዙ። በየቀኑ ካልሠራሁ ማለትም አያስፈልግም፤ የሆድ ጡንቻም እንደ ሌላው ጡንቻ ዕረፍት ይፈልጋል። የአሜሪካ ጦር እንኳ ለአሥርተ ዓመታት ወታደሮቹን ሲፈትንበት የኖረውን ሲት አፕ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ፕላንክን ተክቷል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻቸው የወለዱ እናቶች ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ከደረት እስከ እምብርት በታች በቀኝና በግራ የወረዱት የሆድ ጡንቻዎች ለሕፃኑ ቦታ ለመስጠት ከመሐል ይራራቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። እናትየዋ ግን «ሆዴ አልገባ አለ» ብላ በአራስነቷ ሲት አፕ ብትጀምር በተከፈተው መሐል ላይ ጫና ትጨምራለች። በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ራስዎን ትንሽ ቀና ሲያደርጉ በእምብርትዎ ዙሪያ ሆድዎ ሾጠጥ ብሎ ከወጣ ወይም ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ከዳሰሱ፣ ስፖርቱን ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይታዩ። በኦፕራሲዮን ለወለዱ ደግሞ ይህ ምክር ይበልጥ ይጠብቃል። እናቶቻችን የሚያስሩት መቀነት ለወገብ ድጋፍ ይሰጣል፤ ስብ አያቀልጥም፣ ጡንቻም አይገነባም። አጥብቆ ማሰር ደግሞ ጫናውን ወደ ታች፣ ወደ ማህፀንና ወደ ፊኛ ይገፋዋል።

ቦርጩንስ? ምግብንና መጠጥን ሳይነኩ ቦርጭን መቀነስ ከባድ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና ጠላ የሚያስገቡትን ጉልበት በሲት አፕ ማውጣት ዘበት ነው። ጾም ሥጋና ቅቤን ቢያስቀርም ዘይቱና ዳቦው ከበዛ ሆድ ወቅቱን አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጠቅማል።

ለውጡን በሚዛን ብቻ ሳይሆን በልብስ ሰፊ ሜትርም ይከታተሉ። ወገብዎ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ስኳርዎንና የደም ግፊትዎን መለካት ያስፈልጋል። በአንጀት ዙሪያ የተጠራቀመው ስብ ለእነዚህ ሕመሞች ያጋልጣል፤ ቀጭን እጅና እግር ያለው ሰውም ከዚህ አያመልጥም።

አንድ ነገር ቀረ። ኩንታል የሚያነሱ ሰዎች በብሽሽት ወይም በእምብርት በኩል እብጠት ሲወጣባቸው «ሆዴ ስለላላ ነው» ብለው ስፖርት የሚጀምሩ አሉ። ይህ ቡአ (ሄርኒያ) ሊሆን ይችላል። ቡአ በሲት አፕ አይድንም፤ እንዲያውም ሊባባስ ይችላል። በሐኪም መታየት ያለበት ሲሆን ብዙ ጊዜም ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ሕመምና ትውከት ከተከተለ ግን ነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።