ሳይታረስ የሚዘራ መስክ

መስክ ይዘራል ወይ? ይህን ስንጠይቅ ብዙ ሰው ይስቃል። «ገብስ ይዘራል፤ ባቄላ ይዘራል። ሣር ግን ራሱ ይበቅላል። የእኛ ሥራ ከብቱን መልቀቅ ነው» ይባላል።

ታዲያ ያ ራሱ የሚበቅለው ሣር ዛሬ የት አለ? የደጋውን መስክ እንይ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው አገር ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ብርድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይወርዳል። በየመንደሩ አጠገብ የወል መስክ አለ። ሣሩ አጭር ነው፤ በምላጭ የተላጨ ይመስላል። እዚህም እዚያም አክርማ ጉብ ጉብ ብሎ ቆሟል። አክርማ ለስፌት ጥሩ ነው፤ እናቶች ይፈልጉታል። ላም ግን ሌላ ሲጠፋ ካልሆነ በቀር አትነካውም።

ይህ ለምን ሆነ? ከብት መርጦ ይበላል። የሚጣፍጠውን ይግጣል፤ ሻካራውን ይተዋል። የተጋጠው ሣር ዘር ሳይጥል ይቀራል። የተተወው ግን ያድጋል፣ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል። በየዓመቱ እንዲህ ሲሆን ጥሩው እያነሰ፣ መጥፎው እየበዛ ይሄዳል። እንግዲህ መስኩን የዘራው ከብቱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። የዘራው ግን የማይወደውን ነው።

መስኩን ሳናርስ፣ ያለውንም ሣር ሳንነቅል፣ በላዩ ላይ የተሻለ መዝራት ይቻላል። ኒውዚላንድ የሚባል ሩቅ አገር አለ፤ በከብቱና በበጉ የታወቀ ነው። እዚያ ነጭ ማገጥና ራይግራስ የሚባለው ሣር በአንድ መስክ ላይ አብረው ይበቅላሉ። ላሞቹ በአብዛኛው የሚታለቡት ይህንኑ ግጠው ነው። እኛ ግን ማገጥ ከሩቅ አገር ማስመጣት የለብንም። በእግራችን የምንረግጠው ነው።

ማገጥን የማያውቅ እረኛ የለም። ምናልባት ስሙ ከአገር አገር ይለያይ ይሆናል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። አበባው ክብ ነው፤ ነጭም፣ ሐምራዊም ይሆናል። ብዙው ውሃ በሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይ በክረምት ይበቅላል፤ በመስከረም ያብባል። በአገራችን ከ25 በላይ የማገጥ ዓይነት አለ። ጥቂቶቹም በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም።

ማገጥ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ ገብስ ቢዘራ እንደሚያምር ገበሬ ያውቃል። ምክንያቱ ያለው ከሥሩ ላይ ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን አንድ ማገጥ ቀስ ብላችሁ ከነሥሩ ንቀሉ። ሥሩን በውሃ እጠቡት። እንደ ጤፍ ያነሱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በእባጩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። እነሱ ናይትሮጅን የሚባለውን ከአየር ወስደው የተክሉ ምግብ ያደርጉታል። በገንዘብ የምንገዛው ዩሪያ የሚሰጠውም ይህንኑ ናይትሮጅን ነው። ማገጥ ሲረግፍና ሲበሰብስ፣ ከብትም በልቶት እበት ሲጥል፣ ናይትሮጅኑ ለጎረቤቱ ሣር ይደርሳል።

ለከብቱስ ምን ይጠቅማል? ፕሮቲን የሚባል የምግብ ክፍል አለ፤ ሥጋና ወተት የሚሠራው እሱ ነው። በ100 ኪሎ የገብስ ጭድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 4 ኪሎ ገደማ ነው። ማገጥ ሲያብብ ታጭዶ ቢደርቅ ግን ከ100 ኪሎው 15 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይገኛል። በጋውን ሁሉ ጭድ ብቻ የበላ በሬ ሆዱ ይሞላል፤ ጉልበቱ ግን አይሞላም። በሰኔ ሲጠመድ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መስኩ ይታረስ አላልንም። ተዳፋት መስክ ቢታረስ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። የሣሩ ሥር መሬቱን እንደ ያዘ ይቆይ። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ከብቱ የተመረጠውን ቦታ አጥብቆ ይጋጠው። ነባሩ ሣር ረጅም ከሆነ አዲሱ ቡቃያ ፀሐይ አያገኝም። አክርማው በዶማ ይነቀል። ከዚያ የእሾህ ቅርንጫፍ ታስሮ በበሬ ይጎተትና መሬቱ ጫር ጫር ይደረግ። ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ዘሩ ይበተናል።

የማገጥ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቀል፤ አለዚያ አንድ ቦታ ይከመራል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለት ለሩብ ሄክታር ያህል መሬት፣ 2 ኪሎ ንጹሕ ዘር ይበቃል። ከእርሻ ጽሕፈት ቤት የራይግራስ ወይም የፋላሪስ ዘር ከተገኘ 3 ወይም 4 ኪሎ ይጨመርበት። ሁለቱም ብርድ የሚችሉ ሣሮች ናቸው። ሮደስ የሚባለውን ሣር ግን ለደጋ አትውሰዱ፤ ሞቃት አገር ይወዳል፣ ውርጭ ይጎዳዋል። የሣር ዘር ባይገኝም ሥራው አይቆምም። ነባሩ ሣር አለ፤ ማገጥ ብቻ ይጨመርበት።

ዘሩ ጠልቆ አይቀበር። ከተበተነ በኋላ የበግ መንጋ አንድ ቀን ይመላለስበት። ኮቴው ዘሩን ከአፈር ጋር ያገናኘዋል። ለዚህ ሥራ ከበግ ኮቴ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም፤ ኪራይም አይጠይቅም።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። የማገጥ ዘር ቆዳው ጠንካራ ነው። ውሃ ቶሎ አያስገባም። ስለዚህ ከመዘራቱ በፊት ከሻካራ አሸዋ ጋር በከረጢት ተደርጎ ይታሽ። ከዚያ 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቁት። በሳምንቱ ፍቱና ቁጠሩ። ከ20ው 15 ከበቀለ ጥሩ ነው። 5 ብቻ ከሆነ እንደገና ይታሽ። ቁጥር የተማርነው ለዚህም ነው እኮ።

ማገጥ ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል ብለናል። ፎስፈረስ የሚባለውን ግን ከአፈር ነው የሚያገኘው። አፈሩ ፎስፈረስ ካጣ ማገጡ ቀጭጮ ይቀራል። በምሕጻረ ቃል ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ የከብት ምርምር ማዕከል በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአገራችንን ማገጦች ዘርቶ ሞክሮ ነበር። ፎስፈረስ የተሰጠው ማገጥ ካልተሰጠው በጣም በልጦ አደገ። ማዳበሪያ ለመስክ መግዛት ለብዙ ሰው ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ለገብሱም አልበቃ። እበት ፎስፈረስ አለው። አመድም ጥቂት አለው። ነገር ግን ዛፍ በሌለበት ደጋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ምን ይደረግ? ቢያንስ የምድጃው አመድ ሜዳ ላይ ከሚደፋ በዚያ መስክ ላይ ይበተን።

እስከዚህ ድረስ ስናወራ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል።

«ሁሉም መልካም ልጄ» አሉኝ አንድ አባት። «ክረምት ሲገባ ግን ከብቴን የት ልሰደው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በበጋ አዝመራው ተሰብስቧል፤ ከብቱ በየማሳው ቃርሚያ ይበላል። በክረምት ግን ማሳው ሁሉ ቡቃያ ነው። ለከብቱ የቀረው የወል መስኩ ብቻ ነው። ማገጥ የሚያድገውም በዚያው ጊዜ ነው። ብዙው ማገጥ ዕድሜው አንድ ክረምት ነው። በሰኔ ይበቅላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ዘሩን ሳይጥል ከተበላ በሚቀጥለው ዓመት የለም። 2 ኪሎ ዘር ተዘርቶ፣ አምሮ በቅሎ፣ በነሐሴ ከብት ቢገባበት፣ ድካሙ ሁሉ ለአንድ ወር ግጦሽ ሆነ ማለት ነው። ዘሩን ከጣለ ግን ለከርሞ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል።

ስለዚህ መስኩ ሁሉ አይዘጋ። ሊዘጋም አይችልም። በአራት ይከፈልና አንዱ ክፍል ብቻ ከሰኔ እስከ ኅዳር ይዘጋ። ሦስቱ ለከብቱ ይቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ክፍል ተራው ይሁን። በ4 ዓመት መስኩ ሁሉ ይደረሳል።

መስክ መዝጋት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ ቦታ አለ። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ እንዲያድግ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ያጭዳል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የቄሮ ሥርዓት ቢዳከምም፣ የአካባቢው ሰው ኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል። አጥር አይደለም የጠበቀው። የሰው ስምምነት ነው።

ስምምነቱ ግን ለሁሉም እኩል ይመዝናል ወይ? በዚህ ላይ አንዲት እናት የተናገሩትን ልጻፍ። «መስክ ሲዘጋ የሚጎዳው አንድ ላም ያለው ነው» አሉ። «10 ከብት ያለው ሰው ሰፊ ማሳ አለው፤ ጭድ አለው፤ ክረምቱን ያልፋል። እኔ ያለችኝ ይህች ላም ናት። እሷ ከነጠፈች ልጆቼ ምን ይጠጣሉ?» ሰዎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ድርቆሹ በከብት ቁጥር ይከፈል አለ። 10 ያለው 10 እጅ ይውሰድ ማለት ነው።

እኔ እማማን እደግፋለሁ። ድርቆሹ በቤት ቁጥር ቢከፈል ይሻላል። የተዘጋውን ሣር ሁሉም ቤት እኩል ጠብቆታል፤ ለምን እኩል አይካፈለውም? ደግሞም በክረምት ጭድ ለሌለው ሰው፣ ከተዘጋው ክፍል ዳር ዳሩን በማጭድ አጭዶ ለላሚቱ እንዲወስድ ይፈቀድለት። ማጭድ ያለፈበት ቦታ ትንሽ ነው። መንጋ ከገባ ግን ይረግጠዋል፤ የሚተርፍ የለም። መሐሉ ይቆይ፤ ዘሩን ይጣል። ይህ በስብሰባ ተወስኖ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርሞበት ቢቀመጥ ክርክር ይቀንሳል። አሁን የሚያነብ ሰው በየቤቱ አለ። «እንዲህ አልተባለም» የሚል ቢመጣ ይነበብለታል።

በኅዳር ዘሩ ከረገፈ በኋላ ሣሩ ታጭዶ ይደርቅ፤ ወይም ከብቱ ይግባበት። እርግጥ ነው፣ ዘሩን የጣለ ማገጥ በአበባው ጊዜ እንደ ታጨደው አይጣፍጥም፤ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። ዘሩን ለማግኘት የምንከፍለው ዋጋ ይህ ነው። አንድ ሌላ ጥቅም ደግሞ አለ። ከብቱ ፍሬ ያለው ማገጥ ሲበላ ጠንካራው ዘር ሁሉ አይፈጭም። ከእበቱ ጋር ይወጣና በደረሰበት ይበቅላል። በዚህ ጊዜስ ከብቱ የሚዘራው ራሱ የሚወደውን ነው።

አሁን ስለ አደጋው። ማገጥ በጣም በበዛበት መስክ ላይ የተራበ ከብት በጠዋት ጤዛ ቢለቀቅ ሆዱ ይነፋል። በግራ በኩል፣ ከጎድኑ በስተኋላ ያለው ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ቶሎ ካልተደረሰለት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። መከላከያው ቀላል ነው። መጀመሪያ ጭድ ይብላ። ጤዛው ይርገፍ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመርለት። ሣርና ማገጥ የተቀላቀለበት መስክ ከማገጥ ብቻው ይሻላል ያልነው ለዚህም ነው። ከብቱ ከተነፋ ከመስኩ አውጡት፤ ቆሞ ይሂድ፤ አይተኛ። ግማሽ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ራሱን ወደ ላይ አታንጋጡት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባል። አንድ ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሩጥ። እረኛ ልጆች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ማታ በየቤታችሁ አንብቡላቸው።

ዘሩ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ የመጀመሪያው ዘር ከራሳችሁ አገር ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር በማሳ ድንበር፣ በቦይ ዳር፣ ከብት በማይደርስበት እሾህ ሥር የቀረ ማገጥ ፈልጉ። የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ በእጅ ይለቀም። ልጆች ለዚህ ሥራ ፈጣኖች ናቸው። በጨርቅ ላይ አስጥታችሁ አድርቁ፤ በመዳፍ እሹ፤ በሰፌድ አንፍሱ። ዘሩን በደረቅ እንስራ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን ክደኑ፤ ከጭስና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በእንስራው ላይ የተለቀመበትን ወርና ቦታ በከሰል ጻፉበት። በሰኔ ስትከፍቱት የትኛው ከየት እንደ መጣ ታነባላችሁ።