የግድግዳ ወረቀት እንዴት ይለጠፋል?

በዚህ እትም የማስረዳችሁ የጭቃ ቤትን ወረቀት ስለማልበስ ነው። የጭቃ ግድግዳ ሲቆይ አቧራ ያራግፋል። አቧራው እንጀራ ላይም አልጋ ላይም ይወርዳል፣ ሕፃን ያስላል። ለዚህ ነው ጋዜጣ የምንለጥፈው። እኔ ሥራውን የተማርኩት ከአክስቴ ነው፤ ጎረቤት ለበዓል ቤቱን ሲያድስ እሷን ይጠራል።

1ኛ. ግድግዳውን ማዘጋጀት፦ የድሮው ወረቀት ተልጦ ይነሳል። ስንጥቁ በደቃቅ ጭቃ ተመርጎ በደንብ ይደርቃል። እርጥብ ላይ ከተለጠፈ ይሻግታል። ከዚያ በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ ሙጫ አቧራ ላይ አይዝማ።

2ኛ. ወረቀቱን መመርመር፦ ዝም ብሎ አይለጠፍም። የተቀደደውና ዘይት የነካው ይወጣል፤ ዘይት ሙጫ አያስይዝም። የአላህ ስም ወይም የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ገጽ በክብር ለብቻው ይቀመጣል። ፊደሉም መዘቅዘቅ የለበትም። ታናሽ እህቴ ፊደል የለየችው ከግድግዳችን ላይ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። ይህ ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ነው። በከተማ የሚሸጠው ጥቅል የግድግዳ ወረቀትም ይመረመራል። ብዙውን ጊዜ አንዱ ጥቅል 10 ሜትር ርዝመትና 53 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ጥቅሎቹ ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ ካልሆነ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል።

3ኛ. ሙጫ መሥራት፦ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ከዚያ 4 ኩባያ የፈላ ውኃ ውስጥ እየተማሰለ ይጨመራል። ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ሲሞቅ ውኃ መጦ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ጓል ካለው ወረቀቱን ያጎብጠዋል። ሙጫው ቀዝቅዞ በዕለቱ ይለቅ፤ የእኛ አገር እንደ አንኮበር ብርድ ስላልሆነ ቶሎ ይኮመጥጣል።

4ኛ. መለጠፍ፦ መጀመሪያ ክር ላይ ድንጋይ አስሮ እንደ ቱምቢ ማንጠልጠል ነው፤ መስመሩ ቀጥ እንዲል። ሙጫ ወረቀቱ ጀርባ ላይ እስከ ጠርዙ ይቀባል፤ ከዚያ ትንሽ ይቆያል። ወረቀት ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሳይለጠጥ ከተለጠፈ ግድግዳው ላይ ያብጥና ይጨማደዳል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል፤ የላይኛው የታችኛውን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሲደርበው አቧራ ጠርዙ ውስጥ አይገባም። በደረቅ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ሲታሽ አየሩ ይወጣል።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ጠርዙ የተላቀቀ ወረቀት የትኋን ቤት ነው። በየጊዜው እያያችሁ መልሳችሁ ለጥፉት፣ ካረጀም ላጡት። ሁለተኛ፣ ምድጃና ኩራዝ አጠገብ ፈጽሞ ወረቀት አይለጠፍ! ደረቅ ጋዜጣ እሳት ከያዘው እስከ ጣራ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም፤ እዚያ ቦታ ጭቃው ባዶውን ይሻላል።

ቤታችሁ ወረቀት ካለው ዛሬውኑ ኩራዙ የት እንደሚቀመጥ እዩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።