የቆመ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር፤ ከመፍታት በፊት መመርመር

የኤሌክትሪክ ብስክሌት በድንገት አልሄድ ሲል አብዛኞቻችን ቶሎ የምንሰጠው ፍርድ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። እኛም በማሠልጠኛ ተቋማችን ወርክሾፕ እንዲሁ ፈርደን ነበር። ጎማውን አውርደን፣ ክዳኑን ፈትተን፣ ውስጡን ስንነካካ አንዲት ቀጭን ሽቦ በጠስን። ኋላ እንደደረስንበት ግን ሞተሩ ደኅና ነበር፤ የተበላሸው በፍሬን እጀታው ሥር ያለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። የብስክሌቱ ባለቤት አንድ ሳምንት በእግሩ ተመላለሰ፤ ሠልጣኞቻችንም ከእኛ የተማሩት ምርመራን ሳይሆን ችኮላን ሆነ። ከዚያ ስሕተት ያገኘነውን ትምህርት ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የሞተሩ አሠራር

ሞተሩ የሚገኘው በጎማው ማዕከል ውስጥ ነው። ዘንጉ ከብስክሌቱ አካል ጋር በዳዶ ስለታሰረ አይዞርም። በዘንጉ ዙሪያ የመዳብ ጥቅል ሽቦዎች ተደርድረዋል፤ የሚዞረው ማግኔቶች የተለጠፉበት ውጫዊ ክፍል ነው። ጥቅሎቹ በ3 ቡድን ተከፍለው በ3 ወፍራም ሽቦዎች አማካይነት ኮንትሮለር ከሚባለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ጋር ይገናኛሉ። ሣጥኑ ለ3ቱ ቡድኖች በየተራ ኤሌክትሪክ ይልካል። ተራው የየትኛው እንደሆነ የሚያመለክቱት በብዙዎቹ ሞተሮች ውስጥ የሚገኙት 3 የሆል ጠቋሚዎች ናቸው። ስማቸው የተወሰደው ክስተቱን እ.ኤ.አ. በ1879 ካገኘው ከአሜሪካዊው ኤድዊን ሆል ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉና ከውጭው ተጀምሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

1ኛ. ባትሪ። 36 ቮልት የሚባለው ሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ 10 ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚሆን ድምሩ 42 ቮልት ይደርሳል። ቮልቴጁ ጎማው ቆሞ ሳለ ደኅና ሆኖ ሞተሩ ሊነሣ ሲል በኃይል ከወረደ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም አንድ መገጣጠሚያ ላልቷል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች ማገናኘት እሳት ስለሚያስነሣ እጅግ አደገኛ ነው።

2ኛ. ፍሬን። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የምታቆመው ማብሪያ ማጥፊያ ተጣብቃ ከቀረች ሞተሩ አይነሣም። ጎማውን ከመሬት አንሥተን የማብሪያ ማጥፊያዋን መገጣጠሚያ በመንቀል እንሞክር። ጎማው ከዞረ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው።

3ኛ. የፍጥነት መስጫው እጀታ። በተለመደው ዓይነት ወደ እጀታው 5 ቮልት ያህል ይገባል፤ እጀታው ሲጠመዘዝ በመልእክት ሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ1 አካባቢ ወደ 4 አካባቢ ከፍ ማለት አለበት።

4ኛ. ጎማውን በእጅ ማዞር። ባትሪውን ነቅለን ጎማውን በእጃችን እናዙር፤ ሞተሩ ጥርስ ያለው ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ ይዞራል። እየተያዘ የሚከብድ ከሆነ 3ቱን ወፍራም ሽቦዎች ከሣጥኑ እንለያይ። ወዲያው ከቀለለ የተቃጠለው ሣጥኑ ነው። እንደከበደ ከቀረ ግን ሽቦዎች በሞተሩ ውስጥ ወይም በገመዱ ላይ ተነካክተዋል።

ቀጥሎም የተለያዩትን ወፍራም ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እያገናኘን እናዙር። በ3ቱም ጥንዶች ጎማው እኩል መክበድ አለበት፤ የማይከብድ ጥንድ ካለ የተበጠሰ ሽቦ አለ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእጅ የሚዞር ሞተር ጄኔሬተር ይሆናል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው በጥቅሎቹ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚፈሰው ኤሌክትሪክም፣ በሌንዝ ሕግ መሠረት፣ የፈጠረውን እንቅስቃሴ ይቃወማል።

5ኛ. የሆል ጠቋሚዎች። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ የማይዞር ከሆነ እነዚህን እንጠርጥር። ወፍራሞቹ ሽቦዎች እንደተለያዩ ባትሪውን መልሰን፣ ጎማውን በዝግታ እያዞርን፣ 3ቱን የመልእክት ሽቦዎች በየተራ እንለካ። እያንዳንዱ ከ0 አካባቢ ወደ 5 ቮልት አካባቢ መመላለስ አለበት። የማይለዋወጠው የተበላሸው ነው።

6ኛ. ገመዱ። ሽቦዎቹ ከዘንጉ በሚወጡበት ቦታ ገመዱን በደንብ እንመልከት። ዳዶው ከላላ ዘንጉ ራሱ ዞሮ ገመዱን ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ከጥገና በኋላ ዳዶውን ማጥበቅና ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዘውን ብረት መልሶ መግጠም ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥፋቱ በሞተሩ ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ ያን ጊዜ ክዳኑ ይፈታል።

በ4ኛው ተራ የጠቀስነው ሙከራ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜም ይጠቅማል። ተማሪው ሁለቱን ሽቦዎች ሲያገናኝ ጎማው በእጁ ውስጥ ይከብደዋል፤ ሲለያያቸው ይቀልለዋል። በሰሌዳ ላይ የጻፍነውን የሌንዝን ሕግ በገዛ ክንዱ ያውቀዋል። እኛም ያቺን ሽቦ ከበጠስን ወዲህ፣ ሠልጣኞቻችን መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት የጠረጠሩትንና የለኩትን በወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ እናደርጋለን።